የዳባት ተራ

የወንድሜ የመጨረሻ የሥራ ቀን ሐሙስ ነበር። ገበያም በዓልም የሌለበት ቀን። በአሮጌዋ ሚኒባሳችን ከደባርቅ ዳባት ሰው እናመላልሳለን፤ ጠዋት እሱ ይነዳል፣ ከሰዓት እኔ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ጀምሮ ሥራዬ ይኸው ነው።

መንገዱ ላይ ካለው ትልቅ ዳገት ሥር ስንደርስ፣ ሞልታ ስለማትወጣው ወንድሜ ዳር ይዞ ያቆማል። ደንበኞቻችን ሳይነገራቸው ወርደው በእግራቸው ይወጣሉ። እሱ ባዶዋን አውጥቶ አናቱ ላይ ይጠብቃቸዋል። ሽማግሌና ነፍሰ ጡር ብቻ ነው የማይወርደው። ያን ቀን አንዲት የዳባት እናት እያለከለኩ ደርሰው፣ "ልጄ፣ ይቺ መኪና ናት እኛን የምትወስደን ወይስ እኛ እሷን?" አሉት።

"ሲመለሱ እሷ ትወስድዎታለች፤ ቁልቁለት ነው" አላቸው። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

አመሻሽ ላይ መካኒክ ዘንድ ወሰድናት። ከሥሯ ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ፣ ሁለት ጊዜ የተበየደው ሻንሲ፣ መኪናዋን የሚሸከመው ብረት፣ እንደገና መሰንጠቁን ነገረን። አልፎ አልፎ ዕቃ ብትጭን ትችላለች፣ በየቀኑ ሰው ግን አትጫኑባት አለ። ወንድሜ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመ። "እሑድ እንወስናለን" አለኝ። እኔ እንዳበቃላት ከክረምቱ ጀምሮ አውቅ ነበር። ትቁም የሚለውን እሱ እንዲለው ስለፈለግሁ አልነገርኩትም።

ዓርብ ጠዋት ጫማውን ሊያደርግ ተቀመጠ። ደረቴን ጫን አለኝ አለ። ከዚያ ግድግዳውን ተደገፈ። በጎረቤት ባጃጅ ሐኪም ቤት ስናደርሰው አልፏል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀበረ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ "መኪናዋ ናት?" ይለኛል። አይደለም፣ ቤቱ ነው የሞተው እላለሁ። አላለቀስኩም።

ከቀብር ስንመለስ የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ድንኳኑ ውስጥ አጠገባችን ተቀመጡ። ሾፌሮቹ መክረዋል አሉ። እስከ አርባው ድረስ የወንድሜ መኪና ጠዋት ጠዋት ወረፋ ሳትጠብቅ አንደኛ ትጭናለች። ቦታዋን ማንም አይይዝባትም። የወንድሜ ሚስት ቀና ብላ አየችኝ። ሁለት ልጆች አሏት፤ ከዚያች መኪና ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም።

"ከሠልስቱ በኋላ ትጀምራለህ አይደል?" አለችኝ።

"እሺ" አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ጋቢዬን ለብሼ ወጣሁ። እኛ ዘንድ የቅርብ ሐዘንተኛ ሠልስት ሳይወጣ ከድንኳን አይወጣም። አጎቴ ከኋላዬ፣ "ወዴት ነው? ሰው ምን ይላል?" አሉ። መንገዴን ቀጠልኩ።

መናኸሪያው ውስጥ የመጀመሪያው ቦታ ባዶ ነበር። ሌሎቹ መኪኖች ከኋላው ተሰልፈዋል። ተራ አስከባሪው ሲያዩኝ ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ቦታውን ለቀጣዩ ይስጡት" አልኳቸው። "መኪናዋ ከእንግዲህ ሰው አትጭንም።"

"ልጆቹስ?"

"አላውቅም።"

ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ በእጃቸው ሁለተኛውን መኪና ጠሩት። ቀስ ብሎ መጥቶ ቦታው ላይ ቆመ፤ ሰው መግባት ጀመረ። እስኪሞላ እዚያው ቆምኩ።

ቤት ስመለስ የወንድሜ ሚስት ከሴቶቹ መሀል ነበረች። ጎንበስ ብዬ፣ ትናንት እሺ ያልኩሽን አልችልም፣ አልነዳትም አልኳት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።