በሩን ያስከፈትኩት እኔ ነኝ

እኔ ነኝ ያስከፈትኩት አልኳችሁ። ያንን ፒያሳ ያለውን ባለ እንጨት በረንዳ አሮጌ ቤት፣ ሌላ ሰው አይደለም። እዚህ መካነ ሰላም መናኸሪያ ተቀምጣችሁ "መነጽራሙ ነው ያስገባቸው፣ ይሄ አራተኛ ክፍል ያቆመ በግ ነጋዴ ምን ያውቃል" የምትሉት ማን ነግሯችሁ ነው? መነጽራሙ እንኳን የሰው ቤት ሊያስከፍት፣ የታክሲውን በር ራሱ እኔ ነኝ የከፈትኩለት።

ለበዓል በግ ጭነን አዲስ አበባ ገባን። በጎቹ ሲያልቁ ለጎረቤታችን ልጅ ደወልኩላት። ከጅዳ ተመልሳ እዚያ የልብስ ሱቅ የከፈተችው። ለእሷ ብዬ አዲስ ጫማ ገዝቻለሁ፣ ይሄን አልደብቅም።

"እሁድ አሮጌ ሰፈር ልናይ ነው፣ ና" አለችኝ።

እኛ ዘንድ ቤት የሚታየው ሊከራዩት ነው። ግን ሄድኩ።

ስደርስ አጠገቧ መነጽራም ቆሟል። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ እሁድ እሁድ ሰው ሰብስቦ የድሮ ቤት የሚያሳይ። በታክሲ ፒያሳ ወሰደን። "ይሄን በረንዳ የጠረቡት የህንድ አናጢዎች ናቸው፤ ማዶ ያለው ደግሞ የአርመን ነጋዴ ቤት ነበር" ይላል። እሷ አፏን ከፍታ ታያለች። በረንዳውን መሰላችሁ? እሱን።

"ውስጡንስ አይተኸዋል?" አልኩት።

"የግል መኖሪያ ነው ወንድሜ። ከውጭ ነው የምናየው።"

በሩን ቆረቆርኩና በግ ገበያ በለመደ ጉሮሮዬ "ቤቶች፣ አላችሁ?" አልኩ።

አንዲት አሮጊት ብቅ አሉ። "ማን ልበል?"

"የእግዜር እንግዳ ነኝ እማማ። ከወሎ፣ ከመካነ ሰላም።"

ሳቁ። "የእግዜር እንግዳ የሚል ሰው ከሰማሁ ስንት ዘመኔ። ግቡ ልጆቼ።"

ደረጃው እንጨት፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ። መነጽራሙ ራሱ ገና ማየቱ ነው፣ ግን ዝም አይልም። እኔ ደረቴን ነፍቼ እሷን አያለሁ፤ እሷ አንጋጣ የሱን ወሬ ትሰማለች። እማማ ቆሎ አቀረቡና "ባልሽ እንዴት አዋቂ ነው የኔ ልጅ" አሏት።

አይደለም እስክትል ጠበቅኩ። ቆሎው ሳይታኘክ አፌ ውስጥ ቀረ። አንገቷን ደፍታ ሳቀች እንጂ አላለችም።

"ይሄኛውስ?" አሉ ወደ እኔ ዞረው።

"የአገሬ ልጅ ነው። እንደ ወንድሜ ነው" አለች።

እንግዲህ ዋሸ የምትሉ፣ መኪና ሞልቷል፣ ሂዱ። እማማን ጠይቁ። መነጽራሙንም ጠይቁት፣ ዓይኔን እያየ አይክድም። እሷንም ጠይቋት፤ ስለ በሩ ብቻ ግን።