ስምንት ሚሊ ሜትር

የአገርን ሀብትና ድህነት ተራራዋና ሰማይዋ እንደሚወስኑት የሚያትቱ ወፋፍራም መጻሕፍት አሉ። እኒህ አዛውንት ግን ጉዳዩን ሁሉ ክንድ በማትሞላ ጠርሙስ ይጨርሱታል። ሥራቸው ዝናብ መለካት ነው። ብዕራቸው ከኮታቸው ቁልፍ ጋር በክር ታስራለች፤ የዝናብ ልብሳቸው ከዝናብ ይልቅ አቧራ ያውቃል። በየጠዋቱ ዓይናቸውን ከውሃው ልክ ለማድረስ በርከክ ይላሉ፤ ለአለቃ ያልታጠፈ ጉልበት ለጠብታ ይታጠፋል።

ዛሬ ታናሽ እህታቸው ከጉብታው ማዶ መጥታ አጠገባቸው ቆማለች። የወሩ ዝናብ ሃምሳ ሚሊ ሜትር ካልሞላ ለአካባቢው የእርዳታ እህል ይላካል። እስከ ትናንት ጠዋት አርባ አራት ነበር፤ ማምሻውን ግን አንዲት ደመና መለኪያው ያለበት ጉብታ ላይ ብቻ አራግፋ ሄደች።

«ስንት ሆነ፣ ጋሼ?»

«ስምንት።»

«እኛ ጋ እኮ ጠብ አላለም! በቆሎው አሮ ቀረ። ድፋው በቃ፤ ማን ያይሃል?»

«እኔ።»

«አንተማ ድሮም! እማዬ ወተት ስታካፍለን እንኳ ትለካ ነበር።»

ድካም በተጫነው ፈገግታ ስምንት ብለው ጻፉ፤ ድምሩ ሃምሳ ሁለት ሆነ። ቀጥለው ከመዝገቡ ጠርዝ፣ «አስተያየት» በምትል ቀጭን ዓምድ፣ «ከጉብታው ማዶ አልዘነበም» ሲሉ ጨመሩ።

«ያነቡታል?»

«በሠላሳ ዓመት ያነበበ የለም» አሉ፤ ብዕሩን ግን አላስቀመጡም። «በቆሎሽ ሲደርቅ ምን ያህል ደርሶ ነበር?»

እህታቸው እጇን ከጉልበቷ ዝቅ አድርጋ አሳየቻቸው። እሱንም ጻፉት።