ወደ ሮቢ የሚወርደው በር

የልጅ ልጆቼ ይህን ቤት እንዴት እንዳገኘነው ንገሪን እያሉ ከያዙኝ ሰንብተዋል። እዚሁ ከማንጎው ሥር ድኸው ስላደጉ ቤቱ ከጥንትም የኛ ይመስላቸው ነበር። ሰው ግን መንገድ ላይ እያቆመ «እናንተ ያን የመሰለ ሰፈር እንዴት ገባችሁ?» ሲላቸው ጊዜ ነው መሰለኝ መጠየቅ የጀመሩት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እናገራለሁ፣ ትልቋ ትጽፋለች። አንዳንዴ ብዕሯን አቁማ «እማማ፣ ከወሬው ወጣሽ እኮ» ትለኛለች። በእግሬም ሆነ በወሬዬ ቀጥ ብዬ ሄጄ አላውቅምና ይታገሡኝ።

ያን ጊዜ ልጄ፣ የእነዚህ አባት፣ ገና አላገባም። ከቀወት ገበሬዎች ማሾ እየገዛ በጭነት መኪናው ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ ያመላልሳል። የምንኖረው ከአስፋልቱ ማዶ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ በኪራይ ነበር። ከዚያ በፊትም በኪራይ ነበርን፤ የቀየርነውን ቤት ሁሉ ብቆጥር አልጨርሰውም። እኔን ብዙም አልከፋኝም። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ከቆርቆሮ ሥር አያስቀምጥም፤ ሲነጋ ነጠላዬን ጣል አድርጌ እወጣና ገበያውን፣ የሽንኩርት ማሳውን፣ የወንዙን ዳር ሳካልል እውላለሁ። የማውቀው ሰው ቤት ስደርስ ውሃ እጠጣለሁ፤ የማላውቀው ሰው ቤት ስደርስ እተዋወቃለሁ። ልጄ ከመንገድ ሲገባ በሩን ተዘግቶ ያገኘዋል። «እናቴን አይታችኋል?» ማለት ልማዱ ከመሆኑ የተነሳ ባጃጅ ነጂዎቹ ገና አፉን ሳይከፍት በእጃቸው የሄድኩበትን ያሳዩት ነበር።

ኑሮው ሲደላደል ቤት ልግዛልሽ አለኝ። ደላላው መጀመሪያ የወሰደን ከላይ በኩል ወደተሠሩት አዳዲስ ቤቶች ነው። ወለሉ ያብለጨልጫል፣ የላሜራ በሩም ያብለጨልጫል። ደላላው ሁልጊዜ ጠዋት ነው የሚወስደን፤ ጠዋት ደግሞ የማይቀዘቅዝ ቤት የለም። እኔ ቀትር ላይ ብቻዬን ተመልሼ እሄድና ግድግዳውን በመዳፌ እነካዋለሁ። አንዱን ነክቼ እጄን ቶሎ ስሰበስብ ያየኝ ዘበኛ «እማማ፣ በስሏል?» ብሎ ሳቀብኝ።

የልጄ ልብ ግን የተንጠለጠለው ወንዙ ዳር ባለው በነባሩ ሰፈር ላይ ነበር። ከሮቢ ወንዝ ከፍ ብሎ፣ ጎርፍ በማይደርስበት ቦታ ላይ፣ የድሮ ነጋዴዎች የሠሯቸው ቤቶች አሉ፤ መሠረታቸው ድንጋይ፣ ግድግዳቸው ወፍራም፣ በረንዳቸው ሰፊ። ማንጎዎቹ ከባለቤቶቹ በዕድሜ ይበልጣሉ። በከተማችን ውድ ሰፈር ማለት እሱ ነው፤ ሰው ዋጋ የሚከፍለው ለጥላው ነው። የሚሸጥ ግን አይገኝም። ደላላውም የሚያውቀው አንድ ብቻ ነበር። የቤቱ ባለቤት ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ናቸው፣ ገዢ ይመጣል ይመለሳል፣ ሴትዮዋ ሰበብ አያጡም፣ አትድከሙ አለን።

በዚያው ሰሞን እንደ ልማዴ በወንዙ አሸዋ ላይ ስሄድ ፀሐይ በረታችብኝ። ቀና ስል የድንጋይ ደረጃ አየሁ። ከደረጃው ጫፍ፣ በካቡ መሃል፣ አንዲት ጠባብ በር ወለል ብላ ተከፍታለች። ሰው ጄሪካን ይዞ ሲያልፍባት ስላየሁ ወደ ሰፈሩ የምታወጣ ቅያስ መሰለችኝ። ገባሁ። ገብቼ ሳይ የሰው ግቢ ነው። ትልቅ ማንጎ፣ ከሥሩ ምንጣፍ፣ ምንጣፉ ላይ ሻሽ የተከናነቡ አሮጊት ተቀምጠው በሰፌድ ማሾ ይለቅማሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መንገድ መስሎኝ ነው» አልኩ።

«መንገድ ነው እኮ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ግን ፀሐዩ ይብረድልሽ፣ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ሰፌዱን መሃላችን አድርገን ጠጠሩን እየለቀምን ብዙ አወራን። ከአሊዩ አምባ በሙሽርነት ነው የመጡት። ባላቸው ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፣ አልፈዋል። ልጃቸው አሊዩ አምባ ሆና ኑሪ ከኔ ጋር እያለች ትጨቀጭቃቸዋለች። እኛ ስናወራ ሰው በመሃላችን ያልፋል። አንዱ «አሰላሙ ዓለይኩም» ይላል፣ አንዷ «ደህና ዋላችሁ» ትላለች፤ ማንም ማንንም አያስፈቅድም። የሰፈሩን ደንብ የነገሩኝ ያን ቀን ነው። የወንዝ ዳር ቤት ያለው ሰው ከበላዩ ያሉትን ጎረቤቶች በጓሮው ያሳልፋል፤ ውሃ ሊቀዱ፣ ልብስ ሊያጥቡ የሚወርዱት በዚያ ነው። በሯ ቀን ቀን አትዘጋም፣ የሚያልፈውም ወዴት ነህ አይባልም። ሌሎቹ በየጊዜው በራቸውን ደፍነውታል፣ የቀረችው ይቺ ብቻ ናት አሉኝ።

ይህን ብለው ሳይጨርሱ የፊት ለፊቱ በር ተንኳኳ። ደላላችን ነው፣ አንድ ባለመኪና ሰውዬ አስከትሎ። ሰውዬው በረንዳውን አየ፣ ማንጎውን አየ፣ ወደደው። ከዚያ ወደ ጓሮዋ በር ጠቆመና ይቺን በብሎኬት እንደፍናታለን አለ። አሮጊቷ ቤቱ እንደማይሸጥ በጨዋ ቃል ነግረው ሸኙት። ሰበባቸው ገባኝ። ደላላው እኔን ምንጣፉ ላይ አይቶ አፉን ከፍቶ ቀረ።

እኔም ገዢ ነኝ ለማለት አፈርኩ፤ ግን ደብቄ ብወጣ ይብሳል ብዬ ተናገርኩ። አሮጊቷ ሰፌዱን አስቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። በጓሮ የገባ ገዢ አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ልጅሽን ይዘሽ ነይ አሉኝ።

የሽያጩ ለት የላይኞቹን ጎረቤቶች ሁሉ ጠርተው ነበር። እኛ ክርስቲያን፣ እሳቸው እስላም፣ ሥጋ ስለማንጋራ ቴምርና ማንጎ፣ ዳቦም አቀረቡ። አንድ ሽማግሌ ዱዓ አደረጉ፤ እነሱ አሚን አሉ፣ እኛ አሜን አልን። ከዚያ አሮጊቷ እጄን ያዙ።

«ቤቱ ያንቺ ነው። በሯን ግን ተዪላቸው። የሚፈልጉት ውሃ ነው፣ ሌላ አያስቸግሩሽም።»

«እኔ በሕይወት እያለሁ አትዘጋም» አልኳቸው።

ልጄ ከጎኔ ተቀምጦ ራሱን ነቀነቀ። አነቃነቁ ገበያ ላይ እህል ሲመዘን እንደሚነቀንቀው፣ እሺም እምቢም የማይል ነበር። እኔ ልብ አላልኩትም።

ቤቱን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ቀትር ላይ በረንዳው ላይ ተቀምጬ እግሬን ስዘረጋ፣ ከወንዙ የሚመጣው ነፋስ በዚያች በር ገብቶ፣ በማንጎው ሥር አልፎ፣ እኔ ጋ ይደርሳል። ግድግዳው በመዳፍ ሲነካ ይቀዘቅዛል። እኔ ዟሪዋ ቤት መዋል ጀመርኩ። ሰው ሳልፈልግ ሰው ይመጣል፤ ዓለም ራሷ በጓሮዬ ታልፋለች። ከሁሉም የቀረበችኝ ከላያችን ያለችው ጎረቤቴ ናት፤ በልጄ ዕድሜ ያለች፣ አፏ የማያርፍ ሴት። ቢጫ ጄሪካኗን አንጠልጥላ ስትወርድ «እማማ፣ ዛሬም ቤት ዋሉ? ምነው፣ እግርዎን ማን ቆለፈው?» ትለኛለች። አጠገቤ ተቀምጣ ታወራና ትወርዳለች። የምትመለሰው ባዶ ጄሪካን ይዛ ነው፤ ውሃው ደፈረሰ ትለኛለች፣ ወይ ልብሱን ነገ አጥባለሁ ትላለች። እኔም እላለሁ ይቺ ሴት ሰነፍ ናት።

ልጄ ግን አልለመደውም። ከመንገድ መጥቶ ገና ጫማውን ሳያወልቅ አንድ የማያውቀው ሰው «እንዴት ዋልክ» ብሎት በበረንዳው ሥር ያልፋል። ቤት ነው የገዛሁት ወይስ መናኸሪያ ይል ጀመር። አንድ ቀን ብሎኬት ጭኖ መጣና በሯ አጠገብ አራገፈው። ገባኝ።

«ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነኝ፣ አንቺ ብቻሽን ነሽ» አለኝ። «ማን ገባ ማን ወጣ ሳላውቅ እንዴት ልተኛ?»

«ቃል ሰጥቻለሁ ልጄ።»

«የተቀበሉሽ ሴትዮ አሊዩ አምባ ናቸው። አያዩም።»

«እኔ አያለሁ።»

ፍርሃቱ የውሸት እንዳልነበረ አውቃለሁ። መኪናውን ሲነዳ የሚያስበው እኔን ነው። ግን በሯ ከተደፈነች ወደ ቆርቆሮዋ ኪራይ እንደምመለስ ነገርኩት፤ ለማስፈራራት አልነበረም። ቃሌን አፍርሼ ከዚያ ጥላ ሥር ብቀመጥ ጥላው አያቀዘቅዘኝም ነበር። እሱም እልኸኛ ነው፣ የኔው ልጅ አይደል። ከደሴ ስመለስ ግንበኛው ሥራ ይጀምራል ብሎ ሄደ። እኔም ዕቃዬን ለብቻ አድርጌ ቋጠርኩ።

እሱ በሄደ በማግስቱ ወባ ጣለኝ። በዚያ ሙቀት ጋቢ ደርቤ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ወደ ፊት ለፊቱ በር ሄጄ ሰው ልጥራ ብዬ ተነሳሁ፤ ከማንጎው ሥር ግን አላለፍኩም። እዚያው ምንጣፉ ላይ ወደቅኩ። ከዚያ የማስታውሰው ቢጫ ጄሪካን መሬት ላይ ሲንከባለልና የጎረቤቴ እጅ ግንባሬ ላይ ሲያርፍ ነው። ያቺ ወሬኛ ያን ቀን አንድ ቃል አላወራችም። ባጃጅ ጠርታ፣ ከሌላ ሴት ጋር መሃላቸው አድርገው ደግፈው፣ ጤና ጣቢያ አደረሱኝ። ሐኪሙ፣ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ከባድ ነበር አለ።

ልጄ ሲመለስ መኝታዬ ዙሪያ የላይኞቹ ጎረቤቶች ተቀምጠው አገኘ። አንዷ አጥሚት ትግተኛለች፣ አንዷ ልብሴን አጥባ ታጥፋለች። ማን አገኛት ብሎ ጠየቀ፤ በየት በኩል ገባሽ ብሎም ጠየቀ። በጓሮዋ በር አለችው ጎረቤቴ። ጥግ ላይ የቋጠርኩትን ዕቃ አየና ወደ ጓሮ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ግንበኛው መጣ። ከመኝታዬ ሆኜ የአካፋውን ድምፅ ስሰማ ልቤ ፈራ። እየተደገፍኩ ወጣሁ። በብሎኬቱ ከበሯ ግራና ቀኝ መቀመጫ እየገነቡ ነው፤ ልጄ ራሱ ሲሚንቶ ያቦካል።

«ምንድነው ይኼ?» አልኩት።

«መናኸሪያ ከሆነማ መቀመጫ ያስፈልገዋል» አለኝ፣ ወደኔ ሳያይ።

ዕቃዬን ፈታሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ በሯ መዘጋት በቤታችን ተነስቶ አያውቅም። ልጄ አገባ፣ ልጆቹ መጡ፣ በመቀመጫዎቹ ላይ እየዘለሉ አደጉ። የሚያልፈው ሰው እስከዛሬ እዚያ ላይ አረፍ ይላል፤ ልጄም ከመንገድ ሲገባ ጫማውን የሚያወልቀው እዚያ ላይ ሆኗል።

ዓመታት አልፈው የአሮጊቷ መርዶ መጣ። ለለቅሶው ከጎረቤቴ ጋር አሊዩ አምባ ሄድን። ልጃቸው እጄን ይዛ እናቷ እስከ መጨረሻ ስለ በሯ ይጠይቁ እንደነበር ነገረችኝ። ምነው አልተዘጋችም ብዬ በነገርኳቸው ኖሮ እያልኩ አለቀስኩ። ስንመለስ መኪና ውስጥ ለጎረቤቴ፣ ለናንተ ውሃ ብለው እኮ ነው ያን ሁሉ ገዢ የመለሱት፣ አላህ ይማራቸው አልኳት።

እሷ ወደ መስኮቱ ዞረች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፣ እየሳቀች ነው፤ ሳቋ መልሶ ለቅሶ ሆነ።

«እማማ፣ እርስዎም ለውሃ መስሎዎት ኖሯል?»

ከዚያ ነገሩን ዘርዝራ ነገረችኝ። የላይኞቹ ቤቶች ቧንቧ የገባላቸው የአሮጊቷ ባል ሳይሞቱ ነው። ወደ ወንዙም ቢሆን በመስጊዱ ጀርባ የሚወርድ፣ ከኛ ግቢ የሚያጥር መንገድ ነበራቸው። ባልየው ሲሞቱ አሮጊቷ ብቻቸውን ቀሩ፤ ጠያቂ እንዳይመስሉባቸው፣ ሸክም ሆንኩ ብለውም እንዳይሳቀቁ፣ ጎረቤቶቹ ተማክረው በተራ ጄሪካን እያነሱ በግቢው ማለፍ ጀመሩ። አሮጊቷ ይህን ሳያውቁ ሞቱ። ቤቱ ወደኛ ሲዞር ልጄ መንገደኛ እንደሆነ አዩና ተራቸውን ቀጠሉ።

እኔ ወባ የጣለኝ ቀን ተራው የሷ ነበር። ያ ቢጫ ጄሪካን ከሥሩ የተሰነጠቀ ነው፤ ከመጀመሪያውም ውሃ አይዝም ነበር።