የቀይዋ ኮከብ ቋጠሮ

በጣሊያን ጊዜ ለአንድ የመተማ ነጋዴ ግመል እነዳ ነበር። ነጂ ስላችሁ ጎበዝ አድርጋችሁ አትሳሉኝ፤ ብዙውን ጊዜ የምትነዳኝ ግመሏ ነበረች።

ወደ ቆላ ስወርድ፣ ደጋ ላይ ቅኔ የሚያስተምሩት አጎቴ አንድ የማተብ ፈትል ሰጡኝ። እኒህ ሰው በበጋ ምሽት ከፍ ብላ የምትታይ አንዲት ቀይ ኮከብ ይከታተሉ ነበር።

«አንዴ ትደምቃለች፣ አንዴ ትደበዝዛለች» ይላሉ። «ላይዋ እሳት ላይ እንዳለ ገንፎ ይፈላል። እንፋሎቱ ይወጣል፣ ይወርዳል።»

ባልንጀሮቻቸው መምህራን «የኔታ፣ ርቦዎት ነው! የሚያዩት የደጋውን ጭጋግ ነው» እያሉ ይስቁባቸዋል።

«እንግዲህ ስማኝ» አሉኝ አጎቴ። «አንተ ከቆላ፣ እኔ ከደጋ፣ ፀሐይ እንደጠለቀች በየምሽቱ እንያት። ከነጯ ጎረቤቷ እኩል ከደመቀች ነጠላ ቋጥር፤ ካነሰች ድርብ። ያንተና የኔ ፈትል ከገጠመ፣ የሚለወጠው አየሩ አይደለም፤ እሷ ራሷ ናት።»

«እሺ የኔታ።»

ሦስት ምሽት አየሁ። በአራተኛው አንዲት ሱዳናዊት ሜሪሳ ጠምቃ ጠራችኝ፤ የማሽላ ጠላቸው ነው። ከዚያ ወዲያ ቀና ብዬ ያየሁት የቅሉን ቂጥ ብቻ ነው።

ለፋሲካ ስመለስ፣ ሸሕዲ ላይ ከዛፍ ሥር ተቀምጬ የሁለት ወሩን ምሽት ባንድ ጊዜ ቋጠርኩት። እውነት እንዲመስል ነጠላውን ከድርቡ አሰባጠርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ የለም።

አጎቴ ሁለቱን ፈትል ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በጣታቸው ዳሰሱ። የእሳቸው መጀመሪያ ነጠላ ነጠላ ነው፤ ኋላ ድርብ ድርብ እየሆነ ይሄዳል። የኔ የፍየል ዝላይ ነው።

«በየምሽቱ አየሃት?»

«በየምሽቱ።»

«በማተብህ?»

አንገቴ ላይ ያለውን ክር ይዤ «በማተቤ» አልኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባልንጀሮቻቸው ፊት ቆሙ። «እናንተ ልክ ናችሁ። አየሩ ነው፤ ዓይኔም አርጅቷል» አሉ። አንዱ «ገንፎውሳ?» ቢል ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው፤ ከሁሉም ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ። አጎቴ እስኪሞቱ ድረስ ያቺን ኮከብ ደግመው አላዩአትም።

እኔ ካረጀሁ በኋላ፣ ገንዳ ውሃ ላይ ጎረቤቴ የሆነ አንድ የሳይንስ አስተማሪ ደጃፌ ተቀምጦ ስለ ሰማይ ያጫውተኝ ጀመር። እነዚያ ግዙፍ ቀያይ ኮከቦች ላያቸው ይናወጣል አለኝ፤ ትኩሱ ጋዝ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ይሰምጣል፣ ድምቀታቸውም ይለዋወጣል። የሳይንስ ሰዎች ብርሃናቸውን በየቀለሙ ዘርዝረው ነው አሉ ያወቁት።

አንገቴ ላይ ያለውን ክር ያዝኩ።

«ይህን አጎቴ ነግረውን ነበር» አልኩት። «በውሸት ቋጠሮ ያስተውኳቸው እኔ ነኝ። በማተቤ ምዬ።»

«አይ አባባ! ዛሬ ደግሞ ምን አመጡ?» ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ዕድሜ ልኬን ስቀልድ ኖሬ፣ የሚያምነኝ ባጣ ማንን እወቅሳለሁ? ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅሁና ከመጀመሪያው አንስቼ ነገርኩት።

እንደገና ሳቀ።