የብረቱ ዱባ ምስክርነት

በስድሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ፍኖተ ሰላም የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ። ሳይንስ አስተምር ነበር ማለቴ እንጂ ትምህርት ቤታችን ለሳይንስ ያለው ዕቃ አንድ አጉሊ መነጽርና የተሰነጠቀ ቴርሞሜትር ነበር። ስለዚህ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ፣ "የተጣለ መሣሪያ ካገኛችሁ ለእኔ በሉ" እያልኩ ስለምን ኖርኩ። ልመናዬን ከቁም ነገር የቆጠረው የአክስቴ ልጅ ብቻ ነው። እሱ አውሮፕላን ጥገና ላይ ይሠራ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ ሲገባ ረዳቱ ከጣሪያው ላይ ሆኖ፣ "መምህር! ዱባዎ መጥቷል! ምን ዓይነት ዱባ ነው ግን ሁለት ሰው የሚያነሣው?" ብሎ ጮኸ።

ጆንያው ሲፈታ እውነትም ዱባ ይመስላል። ድብልብል ያለ፣ ብርቱካንማ ቀለም የተቀባ፣ ወገቡ ላይ በብሎን የታሰረ ብረት ነው። የአክስቴ ልጅ ስለ እሱ ቀደም ብሎ ነግሮኝ ነበር። የአውሮፕላን ጭራ አካባቢ ተቀምጦ የበረራውን ሁኔታ የሚመዘግብ መሣሪያ ነው። ውኃ ገብቶበት ስለተበላሸ አለቃውን አስፈቅዶ ነው የላከልኝ።

በሁለት ተሸካሚዎች አስይዤ ወደ ቤት ወሰድኩትና መደቡ ሥር አስቀመጥኩት። ሚስቴ ወገቧን ይዛ ቆማ ታየዋለች።

"ምንድን ነው ይኼ?" አለች።

በወቅቱ ከተጋባን ገና ዓመት አልሞላንም፤ ባወቅኩት ነገር ሁሉ እንድትደነቅልኝ እፈልግ ነበር። "ይኼ አውሮፕላን ላይ የሆነውን ሁሉ ይዞ የሚያስቀር ነው። አውሮፕላኑ ቢወድቅ፣ ቢቃጠል እሱ አይሞትም። በኋላ ከፍተው የሆነውን ሁሉ ያነቡበታል" አልኳት።

"ሁሉን?"

"ሁሉን!"

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዱባው በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ጎረቤቶቿ መጥተው ሲጫወቱ ውለዋል።

"ምነው? በረደው?" አልኳት።

"ጆሮውን ሸፍኜው ነው።"

"ጆሮ የለውም እኮ!"

"ታዲያ በምን ሰማ?"

እንደማይሰማ፣ የሚይዘው ከፍታና ፍጥነት፣ አቅጣጫና ንውጥውጥታ ብቻ እንደሆነ አስረዳኋት። አዳመጠችኝና፣ "ትናንት 'ሁሉን' ብለህ አልነበር?" አለች። ነጠላውም አልተነሣም። እንዲያውም ጎረቤቶቿ ወሬውን ይዘው ሄደው ኖሮ፣ በሳምንቱ ከተማው ውስጥ መምህሩ ቤት ሰው የተናገረውን የሚይዝ የመንግሥት ዱባ እንዳለ ያልሰማ አልነበረም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ በቅሎ ነጋዴ ነበር። ዱባው ከመጣ በኋላ በአንዱ የገበያ ቀን፣ የእሱ ቤት ክዳኑ እየታደሰ ስለነበር፣ ከሽንዲ ከመጣ አንድ ገበሬ ጋር ገበያውን የጨረሱት እኔ ቤት፣ የሚስቴን ጠላ እየጠጡ ነው። ተስማሙ፣ ተመራረቁ፣ ተሳሳሙ። ውጪ ወጥተው በቅሎዋን ሲረካከቡ ግን ጎረቤቴ ኮርቻውን ፈትቶ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ።

"ኧረ ወዴት ወዴት!" አለ ገዢው። "'ከነጌጧ ሰጥቼሃለሁ' ብለኸኝ የለም እንዴ?"

"እኔ? መቼ ብዬ?"

እኔ በሰዓቱ ደጅ ነበርኩ፤ ሚስቴም ጠላ ልትቀዳ ጓዳ ገብታ ነበር። የሰማ ሰው የለም። የገዢው ፊት ድንገት በራ። "የሰማ አለ!" አለ። "ዱባው ሰምቷል!"

ያን ዕለት እስኪበቃኝ ለፈለፍኩ። ዱባው ቃል አይዝም፤ ቢይዝም ኖሮ ተበላሽቷል፤ ባይበላሽም አውሮፕላን ላይ ሆኖ መብረር አለበት አልኩ። በካድኩ ቁጥር እምነታቸው እየጠነከረ ሄደ። ገዢው፣ "ምን ያድርግ፣ የመንግሥት ምሥጢር ሆኖበት ነው" ብሎ አዘነልኝ። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌ እንዲቀመጥና ዱባው እንዲከፈት ተቆረጠ።

ቡሬ ቅኔ የሚያስተምሩት አማቴ በዚያ ሰሞን ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ስለነበር ሰብሳቢው እሳቸው ሆኑ። ተማሪዎቻቸውም እኔም "የኔታ" ነው የምንላቸው። ቃል ሲጣመምና ሲፈታ ከማየት የበለጠ የሚያስደስታቸው ነገር አልነበረም። ከእሳቸው ጋር ሦስት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ግቢያችን ካለችው ዋንዛ ሥር ተቀመጡ። ሦስቱም ለሚስቴ ጠላ ደንበኞች ናቸው። ዱባው ነጠላው ተገፎ መሐላቸው ተደረገ። እኔ ከወፍጮ ቤት የተዋስኩትን የብሎን መፍቻ ይዤ ቆምኩ።

"ከመከፈቱ በፊት የምትለው አለህ?" አሉት የኔታ ሻጩን።

ጎረቤቴ ዱባውን አየ። መፍቻውንም አየ። ጉሮሮውን ጠራረገና፣ "ብያለሁ" አለ። "'ከነጌጧ' ብያለሁ፤ አልክድም። ጌጥ ያልኩት ግን መልኳን ነው፣ የኔታ። እግዜር የሰጣትን።"

"መልኳንማ ገፈህ ልታስቀር ኖሯል?" አለ ገዢው።

የኔታ በደስታ ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ። "እስቲ ድገሙት፣ ሁለታችሁም" አሉ። ተደገመላቸው። "ሰሙ ኮርቻ፣ ወርቁ መልክ" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲህ አነጋገሩን እንስማው። ድምፁ ወዴት እንዳዘነበለ ከዚያ ይታወቃል። ክፈተው!"

ወደ ዱባው ጎንበስ ስል አንደኛው ሽማግሌ ጎተት አደረጉኝ። "መምህር፣ ይኼ ነገር ቤትዎ የገባው ከፋሲካ በፊት ነው በኋላ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"በፊት ነው።"

"አዬ!" አሉ።

ከፋሲካ በኋላ እኔ ቤት ተቀምጠው ስለ ወረዳው ገዢ ሆድ ስፋት ሰፊ ንግግር ያደረጉ እሳቸው ነበሩ። ሁለተኛው ሽማግሌ ደግሞ ንባቡ ከፊት ወደ ኋላ ይሁን ከኋላ ወደ ፊት ሊያውቁ ፈለጉ። ሦስተኛው አልጠየቁም፤ ላባቸውን ብቻ ይጠርጋሉ። እሳቸው ከሁለት ሳምንት በፊት መደቡ ላይ ጋደም ብለው፣ የየኔታን ዜማ ሲሰሙ እናቷ የጠፋችባት ጥጃ እንደምትታወሳቸው አጫውተውናል። ሚስቴ ምንም እንኳ አባቷ ቢሆኑ ስቃለች። አሁን ጓዳው በር ላይ ቆማ ከንፈሯን ነክሳለች።

መፍቻውን የመጀመሪያው ብሎን ላይ አስገብቼ ብጫነው ሲጥ አለ።

"ሰንበት ነው!" ብለው ሦስተኛው ሽማግሌ ብድግ አሉ። "ኧረ ጎበዝ፣ በሰንበት ብረት ይፈታል?"

"እኔም እሱን ላነሣ ነበር" አሉ ሁለተኛው።

"በሬ ጉድጓድ ቢገባ በሰንበት ይወጣ የለም ወይ?" አሉ የኔታ።

"እሱ በሬ ነው። ይኼ ዱባ ነው" አሉ አንደኛው። ቀጥለውም፣ "ደግሞ ሰዎቹ ወንድማማች ናቸው፤ ብረት ምን አገባው? እኛ ለምን ተቀመጥን?" ብለው ሁለቱን ባልደረቦቻቸውን ገለል አድርገው ወሰዱ። ወዲያው ተመለሱ። እንዲህ የፈጠነ ሽምግልና ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አላየሁም።

"ኮርቻው ለገዢ ይሁን" አሉ። "ሻጭም እንዳይከፋው በቅሎዋ መጀመሪያ የምትወልደውን ውርንጭላ ይውሰድ። ተስማምታችኋል?"

"ተስማምቻለሁ" አለ ገዢው።

"ይሁን" አለ ጎረቤቴ፣ ዓይኑን ከመፍቻዬ ላይ ሳይነቅል።

ተሳሳሙ፤ ተመረቁ፤ ግቢው ባዶ ቀረ። ከቅዳሴ መልስ ሁልጊዜ የሚቀርበው የሚስቴ ጠላ እንኳ ያለ ወትሮው ሳይጠጣ ቀረ። የኔታ ፍርዱ ከተነገረበት ጊዜ ጀምሮ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ነበር። የመጨረሻው ሰው ከበሩ እንደወጣ ጋቢውን ለቀቁትና እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

"አባባ፣ በቅሎ እኮ አትወልድም! ምነው ዝም አሉ?" አለቻቸው ሚስቴ።

"ሻጭ ይሁን አለ፣ ገዢ ይሁን አለ፣ እኔ ምን ብዬ ላፍርሰው? ይልቅ ያ ሰውዬ እኔን እያየ ያላበው ለምንድን ነው?"

ሚስቴ ድስቱን ልየው ብላ ገባች።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ የኔታ ዋንዛው ሥር ዱባውን ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው ይጠብቁኛል። "በል፤ ዛሬ ሰንበት አይደለም" አሉኝ።

ብሎኖቹ ዝገው ስለነበር ነጭ ጋዝ እያንጠባጠብኩ፣ እየታገልኩ አንድ በአንድ አወጣኋቸው። የኔታም ዳዊት እንደሚያጥፉ ቀስ ብለው እየተቀበሉ ጋቢያቸው ላይ ይደረድራሉ። ዱባው ለሁለት ሲከፈል ውስጡ ነጭ ሱፍ የመሰለ ነገር ተጠቅጥቆበታል፤ እሳት እንዳይዘልቀው ነው። እሱን እንዳወጣን ሁለታችንም እጃችንን ማከክ ጀመርን። ከሱፉ ሥር ሌላ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው ውስጥ እንደ ሰዓት ያለ ጥርሳጥርስ፣ አየር ሲሳሳ የሚነፋ እንደ ከበሮ ያለች ትንሽ ብረት፣ ከእሷ ጋር የተያያዘ ቀጭን መርፌ፣ አጠገቡም ሌሎች መርፌዎች ነበሩ። ከመርፌዎቹ ሥር ሲጋራ የሚጠቀለልበትን ብልጭልጭ የመሰለ የብረት ወረቀት በሁለት እንዝርት ላይ ተጠቅልሏል።

የኔታ ከትምህርት ቤት ያመጣሁትን አጉሊ መነጽር ተቀብለው ብልጭልጩ ላይ አጎነበሱ። መርፌዎቹ የጫሩት ፀጉር የሚያክሉ መስመሮች ይታያሉ።

"ያለ ቀለም የሚጽፍ ጸሐፊ!" አሉ። "ብራና እንኳ እንዲህ አይጫርም።"

በዚህ መካከል ጎረቤቴ ከአጥሩ ወዲያ፣ "በቅሎ ትወልዳለች እንዴ?!" እያለ እየጮኸ ገባ። ስንት ዓመት በበቅሎ የነገደ ሰው፣ ፍርዱን ለሚስቱ ሲያወራላት ነው እሷ የነገረችው። ዛሬውኑ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ከየቤታቸው ሊያወጣ ተነሥቶ ነበር። ነገር ግን ዱባው ተፈቶ መሬት ላይ ተዘርግቶ ሲያይ ቁጣው ጠፋና አጠገባችን ቁጢጥ አለ።

"እኔ ያልኩት የታለ?" አለ።

"የለም" አልኩት። "ያንተም የማንም ቃል የለም። ይኼ መስመር የከፍታ ነው፣ ይኼ የፍጥነት። ስነግርህ አልነበር?"

"ታዲያ ኮርቻዬን ለምን ሰጠሁ?"

"ከነጌጧ ስላልክ ነዋ" አሉት የኔታ፣ ከመነጽሩ ቀና ሳይሉ።

ጎረቤቴ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ሳቅ ቀደመው። ካሣ ይሁነኝ ብሎም የዱባውን ግማሽ ልጣጭ ጠየቀኝ፤ ለበቅሎ ገብስ ማቅረቢያ ምን ይወጣለታል! ሰጠሁት። እሱም ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶት ወደ ቤቱ ሲሄድ ውሻው አላወቀው ብሎ ጮኸበት።

የኔታ ግን ከመስመሩ አልተነሡም። "ከየት ተነሥቶ ነው?" አሉኝ። የት እንደሆነ እንደማይታወቅ፣ ግን እዚህ ጋ ከመሬት እንደተነሣ፣ እዚህ ጋ ወደ ላይ እንደወጣ አሳየኋቸው። ከዚያ መስመሩ ለረዥም ጊዜ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እሳቸው አውሮፕላን ያዩት በሰማይ ሲያልፍ ብቻ ነው። ጣታቸውን ብልጭልጩን ሳያስነኩ፣ ከላዩ ከፍ አድርገው መስመሩን ተከተሉት። አንድ ቦታ ላይ መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ሲሆን እጃቸው ቆመ።

"እዚህ ምን ሆኑ?"

"ነፋስ ይሆናል፣ የኔታ። ደመና ውስጥ ሲገባ ይንጣል።"

"እዚያ ውስጥ ሰው አለ?"

"አለ እንጂ። ብዙ ሰው።"

ጣታቸውን ቀስ ብለው አስኬዱት። መስመሩ ተረጋጋ፤ ቁልቁል መውረድ ጀመረ። እስትንፋሳቸውን ይዘው ነበር። መጨረሻው ላይ ትንሽ ነጠር አለና ጋደም ብሎ ቆመ።

"ደህና ገቡ?" አሉኝ።

"ደህና ገብተዋል። ቢወድቅ ኖሮ እንዲህ ቀስ ብሎ አይወርድም ነበር።"

"ተመስገን!" ብለው አማተቡ። ጋቢያቸው ላይ የደረደሩት ብሎን ሁሉ ተበተነ።

ያን ጊዜ ሚስቴ እጃችንን የምንታጠብበት ውኃ ይዛ መጣች። ሁለታችንም እስከ ክርናችን ቀልተን እናክካለን።

"ይህን ሁሉ ለፍታችሁ ምን አገኛችሁ?" አለች።

"ሰዎቹ ደህና ገብተዋል" አሏት አባቷ፣ እጃቸውን እየዘረጉላት።

"የትኞቹ ሰዎች?"

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም አላውቅም ነበር።