ጋራዥ ውስጥ የታየ ፊልም

ማንደፍሮ በዕድሜው ብዙ ነገር ችሏል። የቀበሌ እስር ችሏል፤ የሱዳንን ፀሐይ ችሏል፤ ሆላንድ አገር ራይስዋይክ በምትባል ከተማ በሚገኝ መሥሪያ ቤት ምንጣፍ ሲጠርግ ውሎ የቀድሞ የጂኦግራፊ አስተማሪ መሆኑን የሚጠይቀው ሰው ማጣትንም ችሏል። እሑድ ማታ ከጓደኛው ከወልደየስ ጋር በቴሌቪዥን ፊልም ማየት ግን አቃተው።

ወልደየስ የተዋንያኑ ስም ገና ሲወጣ ነው የሚጀምረው። «ይሄ ሰውዬ አይረባም» ይላል፤ ሰውየው ገና ብቅ አላለም። ከዚያ አክተሩ ምን ማድረግ እንደነበረበት፣ ወንበዴው በየት በኩል ማምለጥ እንደሚችል፣ ሴቲቱ ለምን እንዳለቀሰች ያስረዳል። መሀል ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። ሲነቃ ያላየውንም ጨምሮ ነጥብ ይሰጣል። ለነጥቡም ሕግ አለው፤ ፈረስ የሞተበት ፊልም ሁለት ይቀነስበታል፤ ዝናቡ የእውነት ከመሰለ አንድ ይጨመርለታል። ሄግ ከገባ ወዲህ በዝናብ ጉዳይ ራሱን እንደ ሊቅ ነው የሚቆጥረው።

«አንተ ሰው፣ ተኝተህ ላላየኸው ፊልም እንዴት ስምንት ትሰጣለህ?» ይለዋል ማንደፍሮ።

«ያስተኛኝ እኮ ጥሩነቱ ነው። መጥፎ ፊልም መች ያስተኛል!»

ማንደፍሮ ሰኞ ጠዋት ትራም ውስጥ ሆኖ እንኳ መልሱን ሲፈልግ ይገኛል። አጠገቡ የተቀመጡት ሆላንዶች ለብቻው የሚያጉተመትመውን ሰው እያዩ ጋዜጣቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

ደግሞ ወልደየስ ነጥቡን በአፉ አይናገርም። ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አንስቶ ጣቶቹን ያሳያል። ሚስቱ መሠረት «ሲለፈልፍ የዋለው አፍህ አሁን ምን ነካው?» እያለች ታሾፍበታለች። ልማዱ ከየት እንደመጣ ታውቃለች፤ ስለምታውቅም ነው ከማሾፍ አልፋ የማትሄደው።

የመጣው ከጋራዥ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከአንድ ነጋዴ በተወረሰ ቪላ ግቢ፣ ቀበሌው ሰው የሚያጉርበት ጋራዥ ነበር። ማንደፍሮና ወልደየስ ዘይት በጠጣው ሲሚንቶ ላይ ጎን ለጎን ተኝተውበታል። ወልደየስ ያኔ የፊዚክስ ተማሪ ነው፤ ዕድሜውን የፈጀው ግን ሲኒማ ቤት ነው። ከምሳ በኋላ፣ ጠባቂዎቹ ጥላ ሥር ሆነው ሲያንጎላጁ፣ ያየውን ፊልም በለሆሳስ ይተርክላቸዋል። ማጨብጨብ አይቻልም፤ ድምፅ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ትረካው ሲያልቅ እያንዳንዱ እስረኛ እጁን አንስቶ በጣቱ ነጥብ ይሰጣል። ከእነዚያ ጣቶች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም።

ከተተረኩት ሁሉ አንድ የካውቦይ ፊልም ነበር፣ እስረኛው «እስቲ ድገመው» እያለ የሚለምንበት። በተለይ ፀጉር አስተካካዩ የሚገባበት ቦታ። አድማሴ የሚባል የመንገድ ቀያሽ እዚያ ቦታ ላይ ሳቁ አመለጠው። ጃኬቱን አፉ ውስጥ ጎሰጎሰ፤ አልሆነም። ጠባቂው በሩን በርግዶ ገብቶ በሰደፍ ትከሻውን አለው፤ እሱ ግን እንባው እየወረደ መሳቁን ቀጠለ። ብዙም ሳይቆይ ዕቃህን ይዘህ ውጣ ተባለ። አልተመለሰም።

የአድማሴን እህት ጥሩአየሁን ማንደፍሮ ያገኛት ሮተርዳም ውስጥ፣ ለፋሲካ ሐበሻው በተሰበሰበበት ነው። እዚያው ሮተርዳም የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ከወንድሟ ጋር መታሰሩን ስትሰማ ፊቷ ላይ የታየው ደስታ አልነበረም፤ ድካም ነበር።

«ጋሽ ማንደፍሮ፣ እርስዎም ጀግና ነበር እንዳይሉኝ» አለችው። «አድማሴን የሚያውቅ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ቆራጥ ነበር፣ ለሕዝብ ኖሮ ለሕዝብ ሞተ ይለኛል። መፈክር ሰለቸኝ። አንድ ቤት አድገን፣ አንድ አልጋ ላይ ተራግጠን፣ የሚነግሩኝን ሰውዬ አላውቀውም! የማውቀውም እየጠፋብኝ ነው። አንድ የራሱ የሆነ ነገር የለዎትም?»

ማንደፍሮ ያለው አንድ ነገር ያ ሳቅ ነበር፤ ሰጣት።

እጅጌውን ያዘችው። «የቱ ፊልም ነው? ማየት አለብኝ። የሳቀበት ቦታ ላይ እኔም ልቀመጥ።»

ሰው ሲሞትብን ትልቁን ነገሩን ያጣን ይመስለናል። ትልቁን ግን ሌላው ሁሉ ያስታውስልናል፤ በየሸንጎው ይነገራል፣ በየመታሰቢያው ይለፈፋል። የሚጠፋው ትንሹ ነው፤ አሳሳቁ፣ አኮራረፉ። እሱ ከጠፋ ደግሞ የቀረው ስም የማንም ሊሆን ይችላል። ማንደፍሮ ይህን ባያስረዳም ገብቶታል፤ ስለዚህ ፍለጋው የእሱ ዕዳ ሆነ።

ወልደየስ ግን መከራውን አበላው። የፊልሙን ርዕስ ሲጠይቀው «ርዕስ ምን ያደርግልሃል፣ ርዕስ አይታይ!» አለው። ሌላ ቀን ሲጠይቀው አንድ ርዕስ ነገረው፤ በሦስተኛው ቀን ሌላ። ማንደፍሮ ሄግ ውስጥ ትራንስቫል በሚባለው ሰፈር ያሉትን የቪዲዮ ማከራያ ሱቆች አዳረሰ፤ በእረፍቱ ቀን አምስተርዳም ድረስ ሄዶ አቧራ የጠጣ ካሴት ሲያገላብጥ ዋለ። ወልደየስ «ተወው፣ ያን ፊልም አሁን አታገኘውም» ይለዋል፤ የሚያበረታታ ሰው ድምፅ አልነበረም። በመጨረሻ እዚያው ትራንስቫል፣ ከሰፈሩ ገበያ ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ፣ የሰዓት ማማ፣ ግራጫ ፈረስና ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለበት ወንበዴ የተሳለበት ሽፋን ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሁሉም ጋራዥ ውስጥ እንደተነገረው ነው፤ ጠባሳው ሳይቀር በግራ በኩል። ማንደፍሮ ሱቁ ውስጥ በአማርኛ «አገኘሁህ!» ብሎ ጮኸ።

በፈረንጅ አቆጣጠር ሰማንያዎቹ ገና መጋመሳቸው ነው፤ ቪዲዮ ማጫወቻ በየቤቱ አልገባም። ሱቁ ከካሴቱ ጋር ማጫወቻውንም እንደ ሻንጣ ባለ ሳጥን ያከራያል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማንደፍሮ ሳጥኑን አቅፎ የወልደየስን ቤት ቀጥ ያለ ደረጃ እያለከለከ ወጣ። ጥሩአየሁ በባቡር ቀድማው ደርሳለች። ፀጉሯን ተሠርታለች፤ እንግዳ ልትቀበል እንጂ ፊልም ልታይ የመጣች አትመስልም።

ፊልሙ ተጀመረ። ወልደየስ ዝም አለ።

የተዋንያኑ ስም ወጣ፤ ዝም። ወንበዴው ባንክ ዘረፈ፤ ዝም። ፈረስ ሞተ፤ ጣቱ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ማንደፍሮን ይህ ዝምታ ከልፍለፋው የበለጠ አናደደው። ስንት ዓመት ዝም በል ሲባል ያልሰማ ሰው ዛሬ ምን ሆነ? ፊልሙም ፊልም አይደለም። አቧራ አለ፣ ተኩስ አለ፣ አንዱ ሌላውን ረጅም ጊዜ ትኩር ብሎ ያየዋል፤ ከዚያ አቧራ።

ነጭ ሽርጥ ያደረገ ቀጭን ሰው ከአንድ ሱቅ በር ላይ ብቅ አለ።

«ይኸው! ይኸው መጣ!» ማንደፍሮ ከወንበሩ ብድግ አለ። ጥሩአየሁ ወደ ፊት ሳብ ብላ የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች።

ሰውየው ግራ ቀኙን አየ። ጥይት ጮኸ። ፀጉር አስተካካዩ በመስታወቱ ላይ ተደፋ። ጠባሳ ያለበት ወንበዴ፣ ጢሙ እንዳለ፣ ሬሳውን ተሻግሮ አለፈ።

ምናልባት ይነሳ ይሆናል ብለው እስከ መጨረሻው ጠበቁ። አልተነሳም። ማንደፍሮ ካሴቱን ወደ ኋላ መልሶ አጫወተው፤ ሰውየው ዳግመኛ ሞተ።

«ወልደየስ!»

«ቆርጠውታል» አለ ወልደየስ፣ ከቴሌቪዥኑ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ።

«ማን?»

«ሆላንዶቹ ናቸዋ።»

«ሆላንድ ፀጉር አስተካካይ ምን አደረጋት? የሞተን ሰው እንዴት አድርገው ነው የሚቆርጡት? ሞቷል እኮ! ምላጭ ሳያነሳ ሞቷል!»

«እንግዲህ እኔ ያየሁት ቅጂ ሌላ ነው። አዲስ አበባ የሚመጣው ሙሉው ነበር።»

«የትኛው አዲስ አበባ! አምስተርዳም ድረስ እግሬ እስኪነቃ ያዞርከኝ ለዚህ ነው?»

«እኔ ዙር ብዬሃለሁ? ተወው አላልኩህም?»

«ወልዴ፣ እሷን አትረሳት» አለች መሠረት ቀስ ብላ።

ሁለቱም ዞሩ። ጥሩአየሁ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ባዶውን ስክሪን ታያለች።

«ታዲያ ወንድሜ በምን ሳቀ?» አለች። «ወይስ እሱም እንደ ጀግንነቱ ነው፤ እኔን ለማጽናናት?»

ወልደየስ ተነስቶ ወደ ማድ ቤት ሄደ። «ጠፍቶብኛል» የሚል ድምፁ ብቻ መጣ። «ይሄን የተረገመ ፊልም ካየሁ ወዲህ ያኛው ዓይኔ ላይ አልመጣ አለኝ። እኔ መች አሳዩኝ አልኩ?»

ማንደፍሮ ደሙ ፈላ። ፊልም የሚባል ነገር ባልተፈጠረ ብሎ ተመኘ። ቢሆንም ሴትየዋ ቦርሳዋን አንግታ ልትነሳ ነው፤ እንዲህ ሆና ሮተርዳም ከገባች ሳቁም እንደ መፈክሩ ተቆጥሮ ይቀራል። ቁጭ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከተማይቱ የምትገኘው ደረቅ ሜዳ ላይ ነው» ብሎ ጀመረ፤ ክፍል እንደሚያስተምር። «በስተ ሰሜን ተራራማ ሲሆን…»

«ሜዳ አይደለም!» ከማድ ቤት።

«ወንበዴው ጢሙን ሊላጭ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ይገባል። ግማሽ ፊቱ ከተላጨ በኋላ ደወል ይሰማል…»

«አንተ፣ መጀመሪያ ሳሙናው! ሳሙናውን ሳትቀባው ትላጨዋለህ?» ወልደየስ የሳህን ማድረቂያ ፎጣ ይዞ መጣ። «እንዲህ አድርገህ ነው የምትተርከው? የሰው ሥራ አታበላሽ!» ፎጣውን የማንደፍሮ አንገት ላይ ጠመጠመ። ማንደፍሮ ሳያስበው ወንበዴ ሆነ።

«ግራው ጉንጭ አለቀ፤ ወደ ቀኙ ሲል፣ ደወል! ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ያስቀምጣል። ‹ውይ ጌታዬ፣ ለካ ዛሬ ሚካኤል ነው! ሥራ አልሠራም።› ወንበዴው ሽጉጥ ይመዛል። ‹ቢገድሉኝም በሚካኤል ምላጭ አላነሳም።› ምን ያድርግ? ግማሽ ጢሙን በመሀረብ ሸፍኖ ይወጣል። በነጋታው ይመጣል። ‹ጌታዬ፣ ዛሬ ደግሞ እግዚአብሔር አብ ነው።› በሦስተኛው ቀን፣ ‹አቡነ አረጋዊ።› ከተማው በሙሉ ከኋላው ይከተላል፤ አክተሩ እንኳ ሊገድለው መጥቶ አዘነለት! ወንበዴው ‹ዛሬስ?› ሲለው፣ ‹ቂርቆስ።› ‹ነገስ?› ‹ነገማ ጌታዬ ኪዳነ ምሕረት!›»

መሠረት ሆዷን ይዛ ሶፋው ላይ ወደቀች። ማንደፍሮ ፎጣውን እንደ ጠመጠመ ደርቆ ቀረ።

«ቆይ» አለ። «ካውቦዮች ሚካኤልን ያከብራሉ?»

«ምን ችግር አለው?»

«ያን ጊዜ እንዴት አልጠየቅኩህም? እኔ እኮ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ! ስለ ካውቦዮቹ አገር አስተምሬያለሁ!»

«አሥር ጣትህን ግን አውጥተሃል።»

ጥሩአየሁ ፈገግ ብላለች፤ ግን የጨዋ ፈገግታ ነው። የምትፈልገውን ገና አላገኘችም። «አድማሴስ?» አለች። «እሱ ስንት ሰጠ?»

ማንደፍሮ አመነታ። አሥር ማለት ቀላል ነበር፤ ለሟችም ለተራኪውም ክብር ነው። ዛሬ ግን የሰማው ፈጠራ በቅቶታል።

«ስድስት» አላት።

«ስድስት?»

«ስድስት። ጠባቂው ከወጣ በኋላ ሁላችንም አሥር ስናወጣ እሱ እንባውን በክንዱ እየጠረገ ስድስት ጣት ብቻ አነሳ። ለምን ብዬ በጆሮው ጠየቅኩት። ‹ምላጩ እዚያው አይደለም እንዴ? ወንበዴው ለምን ራሱ አይላጭም?› አለኝ።»

ጥሩአየሁ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ሳቋ ፈነዳ፤ ፎቅ ላይ ያሉት ጎረቤቶች ወለሉን እስኪደበድቡ ድረስ። «እሱ ነው!» አለች። «እሱ ነው፣ አድማሴ ነው! እማዬ ወጥ ሠርታ ስታቀርብለት ሳህኑን ጠርጎ ይበላና ‹ደህና ነው፤ ሽንኩርቱ ግን ቸኩሏል› ይላታል! የሠርጌን ቀሚስ አይቶ ምን አለኝ መሰላችሁ? ‹አያስቀይምም።› ቃል በቃል! አያስቀይምም!» እንባዋ መውረድ ጀመረ፤ ልትጠርገው አልሞከረችም።

«ሰባት ነበር» አለ ወልደየስ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ስድስት ነው።»

«አሥር እያወጣችሁ እሱ ለኔ ስድስት? ሰባተኛዋ ጣት ጃኬቱ ውስጥ ነበረች፤ አላየሃትም።»

«አጠገቤ ነበር የተኛው! ስድስት ነው፤ ስድስትም ሲበዛብህ ነው!»

ጥሩአየሁ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ወንበሯን ወደ ሁለቱ ሳበች። «ለሌሎቹስ?» አለች። «ሌሎች ፊልሞችም ነበሩ አይደል? ለሌሎቹ ስንት ስንት ሰጠ? ምን አለ?»

«ለባቡሩ ፊልም አራት» አለ ማንደፍሮ። «ድልድዩ ሊሸከመው አይችልም አለ።»

«አራት! ቀያሽ ስለሆነ ነዋ! አንተ ድልድዩን አልነገርካትማ፤ ድልድዩን ሳትሰማ እንዴት ትፍረድ?» ወልደየስ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳው ገፋው፤ ወንበሮቹን ተራ በተራ ደረደራቸው። «ጥሩዬ፣ አንቺ እዚህ፤ መስኮቱ ጋ። መሠረት ከኋላ። ማንደፍሮ፣ አንተ ትኬት ቆራጩ ነህ፤ ቁም!»

«አልቆምም።»

«ትኬት ቆራጭ ተቀምጦ አይሠራም!»

ማንደፍሮ እየተነጫነጨ ቆመ።