አያቴ ድልድዩ ላይ ሲደርሱ
አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከቢቸና ወደ ሞጣ በአውቶቡስ ስንሄድ አንዲት ድልድይ ላይ ስንደርስ ባርኔጣቸውን ያወልቁ ነበር። ድሮ የቢቸና አውራጃ አብቅቶ የሞጣ አውራጃ የሚጀምረው እዚያ ነበር። ጋቢያቸውን እያስተካከሉ «እንግዲህ ከዚህ ወዲያ እንግዶች ነን» ይሉኛል። ሴት አያቴ የሞጣ ልጅ ነበሩ።

«አባባ፣ አውራጃ እኮ ከቀረ ቆየ።»

«ለቢሮው ቀርቶ ይሆናል። እኔ ሚስት ያገባሁት ከሰው አገር ነው፤ ዝም ብዬ ሰተት አልልም።»

ባለፈው ሳምንት ለተዝካራቸው የሞጣ ዘመዶቻችንን ልጠራ ብቻዬን ሄድኩ። ድልድዩን በመስኮት ስፈልግ፣ ድልድዮቹ ሁሉ አንድ ሆኑብኝ። ለካ በዚያ ሁሉ ጉዞ የማየው እሳቸውን እንጂ ድልድዩን አልነበረም። የቱ ጋ እንደተሻገርን ሳላውቅ ሞጣ ገባን።

ለእኔ አውራጃው የፈረሰው ያን ቀን ነው።